«ወተት ከጠጣህ ጭሱ አይነካህም» እና ሌሎች የጓሮ ብረት ሥራ እምነቶች

በግቢው ጥግ ሁለት ቆርቆሮ ዘርግቶ፣ ከምናለሽ ተራ የገዛውን ሞርሳ (ብረት ጨምድዶ የሚይዝ መሣሪያ) ጠረጴዛ ላይ አስሮ፣ በትርፍ ጊዜው ብረት የሚቆርጥና የሚበይድ ሰው ጥቂት አይደለም። የአበባ መደርደሪያ ይሠራል፣ የከሰል ምድጃ ይጠግናል፣ የበር ማጠፊያ ይቀይራል። ትምህርቱን የሚያገኘው ከሰፈር በያጅና ከጎረቤት ሲሆን አብዛኛው ትክክል ነው። ስሕተቱ ዕድሜው የሚረዝመው ግን ቅጣቱ ስለሚዘገይ ነው። ቀን የተበየደው ዐይንን የሚያቃጥለው ሌሊት ነው፤ ብየዳው የሚለቀውም ከወራት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ጥፋቱ በሌላ ነገር ይሳበባል።

ከሁሉ በፊት የወተቱን ጉዳይ እንመልከት። «ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ስትበይድ ወተት ጠጣ፣ ጭሱን ያጥበዋል» ይባላል። በቧንቧው ላይ የተለበጠው ዚንክ በ420 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፣ በ907 ይፈላል። ብረቱ ራሱ እስኪቀልጥ ወደ 1,500 ዲግሪ ስለሚጠጋ፣ ብየዳው ገና ሳይያያዝ ዚንኩ ነጭ ጭስ ሆኖ ተነሥቷል። ይህን ጭስ የሳበ ሰው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ መገጣጠሚያውን ይቆረጥመዋል፤ ወባ የያዘው ይመስለዋል። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን በራሱ ይለቃል፤ ምስጋናውን የሚወስደው ግን ወተቱ ነው። ጭሱ የገባው ሳንባ ውስጥ ነው፣ ወተቱ የሚወርደው ወደ ጨጓራ፤ ሁለቱ የትም አይገናኙም። የሚጠቅመው መጋጠሚያው አካባቢ ያለውን ዚንክ ቀድሞ ፍቆ ማንሣት፣ ደጅ ወጥቶ ነፋሱ ጭሱን ከፊት እንዲወስደው አድርጎ መቆም፣ ለብረት ጭስ የተሠራ ማጣሪያ ያለው ጭምብል ማድረግ ነው። አፍ ላይ የታሰረ ጨርቅ ይህን አይሠራም። በካድሚየም የተለበጡ የቆዩ ብሎኖችን ደግሞ ፈጽሞ ማጋል አይገባም፤ የካድሚየም ጭስ ይገድላል።

«እሳቱን ትኩር ብዬ ስላላየሁት አይጎዳኝም፤ ጥቁር መነጽርም አድርጌያለሁ።» በመንገድ ዳር በፀሐይ መነጽር የሚበይድ ሰው ማየት የተለመደ ስለሆነ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ከብየዳ ቅስት፣ ማለትም በኤሌክትሮዱና በብረቱ መካከል ከሚነደው የኤሌክትሪክ እሳት፣ የሚወጣው አልትራቫዮሌት ጨረር ከነጭ ግድግዳ ተንጸባርቆም ይመጣል፣ በመነጽሩ ጎንም ይገባል። የሚጎዳው የዐይንን የፊት ሽፋን ነው። ሕመሙ ሰዓታት ቆይቶ፣ ብዙውን ጊዜ በእንቅልፍ ሰዓት ይጀምራል፤ ዐይን ውስጥ አሸዋ የተበተነ ያህል ይቆረቁራል። የድንች ቁራጭ መለጠፍ ወይም ወተት ማንጠባጠብ ለጊዜው ቢያቀዘቅዝም፣ በተጎዳ ዐይን ላይ ጀርም ያስገባል። ሁለት ቀን ካለፈው ወይም እይታ ከቀነሰ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። በቤት ውስጥ ለሚሠራ የኤሌክትሮድ ብየዳ የጥቁረት ቁጥሩ 10 ወይም 11 የሆነ መስታወት ያለው ጭምብል ያስፈልጋል። አጠገብ ቆመው የሚመለከቱ ልጆችም ዐይን እንዳላቸው ማስታወስ ይገባል፤ በየግቢው የሚረሳው ይህ ነው።

ስለ ግራይንደር፣ በሚዞር ዲስክ ብረት ስለሚቆርጠውና ስለሚሞርደው የእጅ ማሽን፣ የሚነገረው ከሁሉ ያሳስበኛል። «መከለያው ያስቸግራል፣ ፈትተህ ጣለው፤ ትልቅ ዲስክም ቶሎ ይቆርጣል።» ክፋቱ፣ የ115 ሚሊ ሜትርና የ180 ሚሊ ሜትር ዲስክ የመሐል ቀዳዳ አንድ ዓይነት ነው፤ መከለያው ከተነሣ ትልቁ በትንሹ ማሽን ላይ ይገባል። ስለዚህ ስሌቱን መሥራት ያስፈልጋል። ለ115ቱ ዲስክ የተሠራው ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ጊዜ ይዞራል። በ180ው ዲስክ ላይ የተጻፈው የመጨረሻ ፍጥነት ግን 8,500 ገደማ ነው። ይህ ወሰን የተቀመጠው የዲስኩ ጠርዝ በሰከንድ ከ80 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት ከ288 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ ነው። በትንሹ ማሽን ላይ ሲታሰር ጠርዙ በሰከንድ ወደ 104 ሜትር ይደርሳል። ዲስኩ በሙጫ የተያያዘ የድንጋይ ቅንጣት ነው፤ ሲፈነዳ ስባሪው ማሽኑን ወደያዘው ሰው ሊሄድ ይችላል፣ የሚያስቆመው መከለያም የለም። አሥር ጊዜ ሳይፈነዳ መቅረቱ ስለ አሥራ አንደኛው ምንም አይናገርም። ሙጫው ስለሚያረጅም በመሐሉ ባለው የብረት ቀለበት ላይ የማብቂያ ወር ይታተማል፤ ስንገዛ የምናነበው ግን ዋጋውን ብቻ ነው። ቀጭኑን የመቁረጫ ዲስክ በጎኑ ለመሞረድ መጠቀምም ያው አደጋ ነው።

በመሰርሰሪያ ዙሪያ ደግሞ «ፍጥነት ጨምር» እና «ጓንት አድርግ» የሚሉ ሁለት ምክሮች አሉ። የመጀመሪያው ምክር ፑንታ (ብረቱን የሚበሳውን የመሰርሰሪያ ጫፍ) ይበላል። ለተራ ብረት 10 ሚሊ ሜትር ፑንታ በደቂቃ ከ1,000 ዙር በታች ይበቃዋል፤ 3,000 ገደማ የሚስማማው ለ3 ሚሊ ሜትሩ ነው። ትልቁን በሙሉ ፍጥነት ሲያዞሩት ጫፉ ይግላል፣ ጥንካሬው ይጠፋል፣ ከዚያ በኋላ ይፈጫል እንጂ አይቆርጥም። ቀስ ብሎ፣ ጫን ብሎ፣ ጠብታ ዘይት ጨምሮ መሥራት ነው። ሁለተኛው ምክር ጣት ይበላል፤ በቋሚ መሰርሰሪያና በቶርኖ (ብረት እያዞረ በሚቀርጽ ማሽን) ላይ ጓንት አይደረግም፣ ምክንያቱም የሚዞረው አካል ጨርቁን ከያዘ እጅን ሳያስከትል አይለቅም። ላሜራውም በእጅ አይያዝም፤ በሞርሳ ይታሰራል።

«ማንኛውም ብረት አግለህ ውኃ ውስጥ ብትነክረው ይጠነክራል» ብለው ከፌሮ (ከኮንክሪት ብረት) ቢላዋ የሚሠሩ አሉ። የሚጠነክረው በቂ ካርቦን ያለው ብረት ነው። የተለመደው ፌሮ ከመቶ ሩብ ያህል ብቻ ስላለው ቢላዋው ሁለት ሽንኩርት ቆርጦ ይደነዝዛል። የመኪና ባሌስትራ ከመቶ 0.6 ገደማ ስላለው ነው አንጥረኞች የሚመርጡት። እሱም ቢሆን ውኃ ውስጥ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ሞቅ ያለ የምግብ ዘይት ይሻላል። ሙቀቱን ለመለካት ማግኔት ይበቃል፤ ብረቱ በ770 ዲግሪ አካባቢ ማግኔት መሳብ ያቆማል፣ ከዚያ ጥቂት ጨምሮ መንከር ነው። ብዙዎች እዚህ ላይ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። ከዘይት የወጣው ስለት ግን ቢወድቅ እንደ ብርጭቆ ሊሰበር ይችላል፤ በወጥ ቤት ኦቨን ውስጥ በ200 ዲግሪ አካባቢ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ መለዘብ አለበት።

ማግኔትን ካነሣን፣ «ማግኔት ከያዘው ስቴንለስ አይደለም» የሚለውም ልክ አይደለም። 304 የሚባለው ዓይነት ኒኬል ስላለበት ብዙም አይሳብም። 430 ግን ወደ 17 ከመቶ ክሮሚየም ይዞ፣ እውነተኛ ስቴንለስ ሆኖ ሳለ ይሳባል። ይልቅ ተራ ብረት የቆረጠ ዲስክ በስቴንለስ ላይ ሲደገም የሚቀረው የብረት ብናኝ ይዝግና፣ ሻጩ አጭበርባሪ ተብሎ ይሰደባል።

«አጥብቀህ ካሰርከው ቱቦላሬው አይጣመምም» ይባላል፤ ቱቦላሬ ውስጡ ባዶ የሆነው የብረት ዘንግ ነው። ይጣመማል፤ ማሰሪያው ሲፈታ ነው የሚታየው። አንድ ሜትር ብረት በ500 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ብየዳው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ተኮማትሮ ወደ ራሱ ይጎትታል። የክፈፉን ማዕዘኖች ሁሉ በነጥብ ነጥብ አስይዞ፣ ከጥግ ጥግ ሰያፉን ለክቶ፣ ከዚያ ተቃራኒ ጥጎችን እያፈራረቁ ጥቂት ጥቂት መበየድ ጉተታውን ያቻችለዋል።

የቀረው ውበት ነው። «ያማረ ብየዳ ጠንካራ ነው» ይባላል። ከላይ የተደረደረው መስመር ብረቱ ውስጥ ሳይገባ ተጋድሞ ሊሆን ይችላል፣ በተለይ አምፔሩ፣ ማለትም የብየዳ ማሽኑ የኤሌክትሪክ መጠን፣ ሲያንስ። ተሞርዶ ቀለም ከተቀባ በኋላማ ማንም አይለየውም። ሰው የሚቀመጥበት ወይም የሚወጣበት ነገር ከመበየድ በፊት ያንኑ ውፍረት ያላቸው ሁለት ቁራጮች በአንድ ጎን በይዶ፣ በሞርሳ ይዞ፣ በመዶሻ ወደ ብየዳው ጎን ማጠፍ ነው። ታጥፎ ከያዘ አምፔሩን ሳይነኩ መቀጠል፤ መስመሩ ከአንዱ ብረት ላይ ንጹሕ ሆኖ ከተላቀቀ አምፔሩን ጨምሮ ሌላ ቁራጭ መሞከር።