የቴምስና ሰቨርን ካናል፦ በግብር ከፋይ ገንዘብ የተያዘ የውሃ መንገድ

የቴምስና ሰቨርን ካናል በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በአብዛኛው በግሎስተርሻየር አውራጃ ውስጥ የሚገኝ ሰው ሠራሽ የጀልባ መስመር ነው። ሥራ የጀመረው በ1789 ነው (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። በስትራውድ ከተማ አጠገብ ከሰቨርን ወንዝ ከሚመጣው ከስትራውድዋተር ካናል ተነሥቶ 46 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሌችሌድ አካባቢ፣ ኢንግልሻም ላይ ከቴምስ ወንዝ ጋር ይገናኝ ነበር። በመንገዱ የኮትስዎልድ ኮረብቶችን ማለፍ ነበረበት። ለዚህም በምዕራብ በኩል በ28 ሎኮች 73 ሜትር ይወጣ ነበር፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ በ16 ሎኮች 40 ሜትር ገደማ ይወርድ ነበር። ሎክ ማለት በሁለት በሮች የሚዘጋ ገንዳ ነው፤ ውሃ ሲሞላ ጀልባውን ያነሣዋል፣ ሲለቀቅ ያወርደዋል። ከፍተኛው የካናሉ ክፍል 13 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው፣ ከዚህ ውስጥ 3.5 ኪሎ ሜትሩ በሳፐርተን ዋሻ ውስጥ ያልፍ ነበር። ዋሻው ሲከፈት በእንግሊዝ ከነበሩት የካናል ዋሻዎች ሁሉ ረጅሙ ነበር። ጀልባ የሚጎትት ፈረስ የሚሄድበት የመጎተቻ መንገድ ስላልተሠራለት ጀልበኞች ጀርባቸው ላይ ተኝተው፣ ግድግዳውን በእግራቸው እየገፉ ነበር የሚያልፉት።

የባቡር ሐዲድ በ1845 ካናሉ በሚያልፍበት ሸለቆ ሲዘረጋ የካናሉ ገቢ ወረደ። በ1882 ግሬት ዌስተርን የባቡር ኩባንያ አብዛኛውን አክሲዮን ገዛ፤ ዓላማው ካናሉን ማልማት ሳይሆን መሬቱ ለተፎካካሪ ሐዲድ እንዳይውል መከልከል ነበር። በ1893 ምሥራቃዊውን ክፍል ዘጋው። በዚህ ጊዜ የአካባቢው የአውራጃ ምክር ቤቶችና የአጎራባች ካናሎች ባለቤቶች ተባበሩ፤ በ1895 በፓርላማ አዋጅ ባለአደራ ቦርድ ተቋቁሞ ካናሉን ተረከበ። አጎራባቾቹ የገቡበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ መካከሉ የተቆረጠ መስመር የእነሱንም ጭነት ያስቀራል። ቦርዱ ጠግኖ በ1899 ከፈተው፤ ሆኖም ከፍተኛው ክፍል ውሃ መያዝ ስላልቻለ በጥቂት ወራት ውስጥ እንደገና ተዘጋ። የቦርዱ አቅም በመዋጮና በብድር የተወሰነ ነበር፤ ለአንድ ጥገና የተያዘ ገንዘብ አልቆ ሥራው ካልያዘ ወደ ማን እንደሚሄድ አልተበጀለትም። በእኔ ግምት የዚህ አደረጃጀት ትልቁ ጉድለት ይህ ነበር። በ1901 የግሎስተርሻየር አውራጃ ምክር ቤት ኃላፊነቱን ብቻውን ወሰደ።

ምክር ቤቱ ከቦርዱ የሚለየው ግብር የመጣል ሥልጣን ስለነበረው ነው። በወቅቱ በእንግሊዝ የአካባቢ ግብር የሚጣለው ቤትና መሬት በዓመት ሊከራይ ይችላል ተብሎ በተገመተው ዋጋ ላይ ነበር። አንድ ፓውንድ 240 ፔንስ (ነጠላው ፔኒ) ስለነበረ፣ በፓውንድ አንድ ፔኒ የሚጣል ግብር ከ240 ፓውንድ ግምት አንድ ፓውንድ ያስገባ ነበር። የአውራጃው ምክር ቤት ራሱ ቤት ለቤት አይሰበስብም ነበር፤ የሚፈልገውን መጠን አስታውቆ በየአጥቢያው ያሉ ሰብሳቢዎች ያስገቡለት ነበር። ለትልቅ ሥራ መበደር ይችል ነበር፤ ግን የማዕከላዊው መንግሥት የአካባቢ አስተዳደር ቦርድ መፍቀድ ነበረበት። ብድሩም በተወሰነ ዓመት ከነወለዱ ተከፍሎ ማለቅ ነበረበት። እንግዲህ ካናሉ ጀልባ ኖረበትም አልኖረበትም የብድሩ ክፍያ በየዓመቱ ከግብሩ ይወጣ ነበር ማለት ነው። ካናሉን አይቶት የማያውቅ፣ በአውራጃው ሌላ ጫፍ የሚኖር ገበሬም ድርሻውን ይከፍል ነበር። በምክር ቤት ስብሰባ ክርክሩ የሚነሣው ከዚህ ነበር።

የካናሉ ዋና ገቢ የመተላለፊያ ክፍያ ነበር፤ የሚሰላውም በቶንና በርቀት ነበር። ጭነቱ አይመዘንም ነበር። እያንዳንዱ ጀልባ አስቀድሞ በታወቀ ክብደት እየተጫነ ምን ያህል እንደሚሰምጥ ተለክቶ በሠንጠረዥ ይመዘገብ ነበር። ክፍያ ተቀባዩ ከውሃው ወለል እስከ ጀልባው ጠርዝ ያለውን ቁመት በዘንግ በበርካታ ቦታ ይለካል፤ አማካዩን አውጥቶ ከሠንጠረዡ ቶኑን ያነብ ነበር። በአንድ ጎን ብቻ የተለካ እንደሆነ ያዘነበለ ጀልባ ሒሳቡን ያሳስተዋል። ጉድለት ሲመጣ ዋጋ መጨመር ቀላል አልነበረም፤ ከ1888ቱ የባቡርና የካናል ሕግ ወዲህ ከፍተኛው ተመን በመንግሥት የተወሰነ ነበር፤ ጭማሪ ቢደረግ ደግሞ ጭነቱ በአጠገቡ ወዳለው ባቡር ይሄድ ነበር።

ይህን ካናል ከሌሎቹ ይበልጥ ውድ ያደረገው ግን ውሃ ነው። በስትራውድ አቅራቢያ ካለችው ከብሪምስኮም መንደር በስተምሥራቅ ያሉት ሎኮች የተሠሩት ለቴምስ ጀልባዎች ሲሆን 27 ሜትር ርዝመትና 3.9 ሜትር ስፋት ነበራቸው። በአማካይ 2.6 ሜትር ከፍታ ሲሰላ አንዱ ሎክ 270 ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል። ኮረብታውን የሚሻገር ጀልባ ከከፍተኛው ክፍል አንድ ሎክ ሙሉ ወደ ምዕራብ፣ አንድ ሎክ ሙሉ ወደ ምሥራቅ ያስወጣል፤ በጠቅላላው ከ500 ሜትር ኩብ በላይ። ከቀድሞ ጀምሮ ብዙዎቹን ሎኮች ማሳጠር ያስፈለገው ለዚህ ነው። ውሃው የሚሞላው በከፊል ቴምስ ሄድ ከተባለው ቦታ ከጕድጓድ በእንፋሎት ሞተር ተስቦ ስለነበረ የድንጋይ ከሰልና የሠራተኛ ወጪ ነበረው።

ከጀልባዎቹ ይልቅ አለቱ ይጠጣዋል። ከፍተኛው ክፍል የተቆፈረው ስንጥቅ በበዛበት የኖራ ድንጋይ ላይ ነው። መከላከያው ሸክላ አፈር ነው፦ አፈሩ በውሃ እየራሰ፣ ለቤት ግድግዳ የሚቦካ ጭቃ እንደሚረገጠው በእግርና በአካፋ እየተረገጠ፣ በስስ ንብርብር ይነጠፋል፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው ይደገምበታል፤ ውፍረቱ ግማሽ ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ጠጠር ወይም የዕፅ ሥር ከቀረበት ውሃው በዚያው ያልፋል። እዚህ ላይ ችግሩ ከሁለት አቅጣጫ ይመጣል። በክረምት ከመሬት ውስጥ የሚፈነዱ ምንጮች ሸክላውን ከሥር ወደ ላይ ገፍተው ይበሱታል። በበጋ የመሬቱ ውሃ ሲወርድ በእነዚያው ቀዳዳዎች የካናሉ ውሃ ወደ ታች ይሰርጋል። ውሃው ጎድሎ ሸክላው ለፀሐይ ከተጋለጠ ደግሞ ይሰነጠቃል፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚፈሰው ይብሳል። ስለዚህ በጀት የጎደለበት አንድ በጋ የቀደመውን ጥገና ሊያበላሽ ይችላል። በዋሻው ውስጥም ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥ የሸክላ ድንጋይ ወለሉን ወደ ላይ ይገፋዋል።

መደበኛው ጥበቃ ያነሰ ወጪ ቢኖረውም አያቋርጥም። የኦክ እንጨት የሎክ በር ብዙ ጊዜ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ይቆያል፤ ከ40 በላይ ሎክ ባለበት መስመር በየዓመቱ ማለት ይቻላል የሚለወጥ በር ይኖራል። ይህን የሚሠሩት አናጢዎችና ግንበኞች ናቸው። አንድ ሎክ ለመጠገን በግንቡ ክፍተት ውስጥ ሳንቃዎች ተደርድረው ውሃው ይታገዳል፣ መካከሉም ይደርቃል፤ ጀልበኞች ቀድመው እንዲያውቁ የሚዘጋበት ቀን ይታወጃል። ደለል ይዛቃል፣ ሣር ይታጨዳል፣ አይጥና ጥንቸል የቆፈሩት ዳርቻ ይደፈናል። የየካናሉ ክፍል ጠባቂ በየቀኑ ውሃውን ይለካ ነበር፤ ከጠባቂዎቹ መኖሪያዎች አምስቱ ክብ ቤቶች፣ ከእነርሱም የኮትስና የኢንግልሻሙ፣ ዛሬም ቆመዋል።

ምክር ቤቱ ከፍተኛውን ክፍል በአዲስ ሸክላ አስነጥፎ በ1904 መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ከፈተ። ሥራው በቴክኒክ ረገድ ከቦርዱ የተሻለ ነበር፤ ጭነቱ ግን አልተመለሰም። ለ11 ዓመታት መስመሩ የተቆረጠበት ነጋዴ ከባቡር ጋር ውል ገብቶ ነበር፤ ከስትራውድ በታችም ከሌችሌድ ማዶም ያለው የውሃ መንገድ የሌሎች በመሆኑ ምክር ቤቱ ሊያሻሽለው አይችልም ነበር። ኮረብታውን የተሻገረው የመጨረሻው የጭነት ጀልባ በ1911 ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጭነት መኪና ሲስፋፋ ምሥራቁ በባዶ የሚጠገን ሆነ። የ1888ቱ ሕግ ለሕዝብ መጓጓዣ የማያስፈልግ ካናል በመንግሥት ፈቃድ እንዲተው ይፈቅድ ነበር፤ በዚሁ መሠረት ከሌችሌድ እስከ ቻልፎርድ (ከስትራውድ በስተምሥራቅ ያለ መንደር) ያለው በ1927 ተተወ። ከቻልፎርድ እስከ ስትራውድ የቀረው ክፍል እስከ 1933 ቆየ።