የብሪታንያ የሬኖ ክሊዮ ዋንጫ እና የአንድ ሞዴል የመኪና እሽቅድምድም የውድድር ዘመን

የሬኖ ክሊዮ ዋንጫ በብሪታንያ ለበርካታ ዓመታት የተካሄደ ብሔራዊ የመኪና እሽቅድምድም ሲሆን፣ ተሳታፊዎቹ ሁሉ ለውድድር የተዘጋጀውን አንድ ዓይነት መኪና፣ ይኸውም ሬኖ ክሊዮን፣ እንዲነዱ ያስገድድ ነበር። እንዲህ ያለው ባለ አንድ ሞዴል ውድድር ዓላማው ግልጽ ነው። የፋብሪካዎችን የምሕንድስና ፉክክር ከሜዳው አስወጥቶ፣ ልዩነቱ በአሽከርካሪው ችሎታ፣ በቡድኑ የዝግጅት ጥራትና በውድድር ቀን በሚወሰዱ ውሳኔዎች ላይ እንዲወሰን ያደርጋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአሠራሩ ሥር ከፈረንሳይ ይመዘዛል። ሬኖ በ1966 የጎርዲኒ ዋንጫን ሲያቋቁም፣ ለወጣት አሽከርካሪዎች በአንጻራዊነት ርካሽ በሆነ መኪና እኩል መነሻ የመስጠት ሐሳብ ነበረው። በብሪታንያ ተመሳሳይ ውድድር በ1974 በሬኖ 5 ተጀመረ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ክሊዮ ተተካበት፤ በዚያው አሥርት ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ስፓይደር የተባለው ክፍት የስፖርት መኪና ለጥቂት ዓመታት ቦታውን ያዘ፤ ከ2000 ጀምሮ ግን ክሊዮ ተመልሶ እስከ 2019 ቆየ።

በ2014 የገባው አራተኛው ትውልድ ክሊዮ የውድድሩን ጠባይ በእጅጉ ለውጦታል። ከእርሱ በፊት የነበረው መኪና ቱርቦ የሌለው ባለ 2 ሊትር ሞተር ነበረው። አዲሱ ደግሞ 220 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ባለ 1.6 ሊትር ቱርቦ ሞተር ይዞ መጣ፤ ባለ ስድስት ማርሽ ካምቢዮውም ከመሪው ጀርባ በተገጠሙ መቀያየሪያዎች የሚታዘዝ ሆነ። የውድድር መኪኖቹ የሚገጣጠሙት በሰሜን ፈረንሳይ በዲየፕ ከተማ በሚገኘው፣ የሬኖ ንብረት በሆነው የአልፒን የስፖርት መኪና ፋብሪካ ነበር። አካሉ ባለ አምስት በር የቤተሰብ መኪና ቢመስልም፣ ውስጡ ባዶ ተደርጎ በብረት ቱቦ መከላከያ የተጠናከረና አንድ መቀመጫ ብቻ የቀረለት ነበር። ኃይሉ የሚተላለፈው ወደ ፊት ጎማዎች ነው። ይህ ለውድድሩ ወሳኝ ነገር ነው፤ ምክንያቱም የፊት ጎማዎች መኪናውን ይጎትታሉ፣ ያዞራሉ፣ የፍሬኑንም ትልቁን ጫና ይሸከማሉ፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ያለ ልክ የቸኮለ አሽከርካሪ በመጨረሻዎቹ ዙሮች የሚይዝለት ጎማ አይኖረውም። ጠባብ በሆነ ኩርባ ላይ በውስጠኛው በኩል ያለው የኋላ ጎማ ከመሬት ተነሥቶ አየር ላይ ሲንሳፈፍ ማየት ለተመልካቹ የተለመደ ነበር።

እኩልነቱ የሚጠበቀው በጥብቅ ደንብ ነበር። ሞተሮቹ ታሽገው ይሰጣሉ፣ ማኅተሙን መስበርም ያስቀጣል። ጎማው ከአንድ አቅራቢ ብቻ ይመጣል፤ ቡድኖች እንዲያስተካክሉ የሚፈቀድላቸውም እንደ ሞላና ሾክ አብዞርበር ቅንብር፣ የጎማ አየርና የጎማ አቀማመጥ ያሉትን ጥቂት ነገሮች ነው። ከውድድር በኋላ የተመረጡ መኪኖች ዝግ በሆነ ማቆያ ውስጥ ይቆሙና ክብደታቸው፣ ከፍታቸውና ክፍሎቻቸው ይመረመራሉ፤ ከደንቡ ውጭ የተገኘ ተወዳዳሪ በሜዳ ያገኘውን ውጤት በጠረጴዛ ላይ ያጣል። በዋናው የብሪታንያ የቱሪንግ መኪና (ከመደበኛ የመንገድ መኪኖች ለውድድር የተሠሩ መኪኖች) ሻምፒዮና በዚያ ዘመን የተለያዩ ፋብሪካዎች መኪኖች ስለሚፎካከሩ፣ ያሸነፈውን ተጨማሪ ክብደት በማሸከም ሚዛን ይጠበቅ ነበር። በክሊዮ ዋንጫ መኪኖቹ ከመነሻው አንድ በመሆናቸው ድል የሚያስከትለው ቅጣት አልነበረም። በዚህ ጸሐፊ እይታ፣ የአሽከርካሪን ትክክለኛ መጠን ለመለካት ከዚህ የተሻለ ሐቀኛ መንገድ ማግኘት ያስቸግራል።

አንድ የውድድር ዘመን ከመጋቢት መጨረሻ ወይም ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ይዘልቅ ነበር። ውድድሩ የሚካሄደው በዋናው የቱሪንግ መኪና ሻምፒዮና መርሐ ግብር ሥር ስለነበር፣ ወጣቶቹ የሚፎካከሩት ከዋናዎቹ ቡድኖች ዓይን ሥር፣ በሺዎች በሚቆጠር ተመልካችና በቴሌቪዥን ካሜራ ፊት ነበር። በተለመደው አካሄድ ቅዳሜ ልምምድና የሰዓት ማጣሪያ ይደረጋል፣ በሁለቱ ቀናት ውስጥም ሁለት አጫጭር ውድድሮች ይካሄዳሉ። የሰዓት ማጣሪያው ክብደት በቀላሉ የሚታይ አይደለም። መኪኖቹ እኩል ስለሆኑ ከመጀመሪያው እስከ አሥረኛው ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰከንድ በታች ይሆናል፤ አንዲት ትንሽ ስሕተትም አሽከርካሪውን ከፊት መደዳ አውጥታ ግጭት ወደሚበዛበት የመሐል ክምችት ትጥለዋለች።

ሜዳዎቹ ለየራሳቸው የተለየ ፈተና አላቸው። በኬንት አውራጃ የሚገኘው ብራንድስ ሃች አጭሩ ቅርጹ 1.9 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከመነሻው ብዙም ሳይርቅ ፓዶክ ሂል የተባለው ኩርባ ወደ ቀኝ እየታጠፈ በቁልቁለት ይወርዳል፣ ወዲያውም መንገዱ ሽቅብ ወደ ድሩይድስ ጠባብ መታጠፊያ ይወጣል። በስኮትላንድ ያለው ኖክሂልም አጭር ነው፤ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነው ዙር ላይ ዳገትና ቁልቁለቱ አያባራም። ስሩክስተን ከእነዚህ ፈጽሞ ይለያል። 3.8 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውና በብሪታንያ እጅግ ፈጣኑ ተብሎ የሚታወቀው ይህ ሜዳ፣ በሻካራ አስፋልቱና በረጃጅም ፈጣን ኩርባዎቹ ጎማን ይበላል፤ ቸርች በተባለው ኩርባ ላይ አሽከርካሪው ከነዳጅ መስጫው እግሩን ሳያነሣ ለማለፍ የሚያስፈልገው ድፍረት የልምድ ማነስን ወዲያው ያጋልጣል። ስሩክስተን፣ ሲልቨርስቶን፣ ስኔተርተንና ክሮፍት ሁሉም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአውሮፕላን ማረፊያዎች ነበሩ፤ ሰፊና ለነፋስ የተጋለጡ መሆናቸውም ከዚህ የመጣ ነው። በቼሻየር ያለው አውልተን ፓርክ ግን በዛፎችና በኩሬ መካከል በሚጥመለመል የቀድሞ የመኳንንት ርስት ላይ የተሠራ ነው፤ ከመንገዱ ለሚወጣ መኪናም ብዙ ይቅርታ የለውም።

ረጃጅም ቀጥታ መንገድ ባለባቸው ሜዳዎች ላይ ከፊት ያለው መኪና አየሩን እየሰነጠቀ ለሚከተለው መንገድ ያቀልለታል። ኃይላቸው እኩል በሆነ መኪኖች መካከል ይህ ጥቅም ትልቅ ስለሆነ፣ ልምድ ያለው ተወዳዳሪ አንዳንድ ጊዜ ከፊት ከመምራት ይልቅ ሁለተኛ ሆኖ መከተልን ይመርጣል፤ ከዚያም ሊቀድም ሲወጣ ተፎካካሪው ራሱን ለመከላከል ወደ ውስጠኛው መስመር እንዲገባ ያስገድደዋል፣ በኩርባው መውጫም ይበልጠዋል። በዚህ መሐል ከኋላ ያሉት ይደርሳሉ። ሁለት መሪዎች እርስ በርስ ሲታገሉ ሦስተኛው ሁለቱንም የሚያልፍበት አጋጣሚ ጥቂት አልነበረም። የእንግሊዝ ዝናብ ሲጨመር ደግሞ ሒሳቡ ሁሉ ይዘበራረቃል፤ የዝናብ ጎማ አድርጎ የወጣ አሽከርካሪ መንገዱ ከደረቀበት ጎማው ይሞቅና ይቆራረጣል፣ የደረቅ ጎማ የመረጠውም ካፊያው ከበረታ መቆጣጠር ይሳነዋል።

ለሻምፒዮንነት የሚያበቃው የዘመኑ ድምር ነጥብ ነበር። ስለዚህ ብዙ ውድድር ያሸነፈ ሁሉ ዋንጫውን አይወስድም፤ በግጭት ሁለት ጊዜ ከሜዳ የወጣ ፈጣን አሽከርካሪ፣ በየውድድሩ ሁለተኛና ሦስተኛ እየወጣ ነጥብ በሚያከማች ተፎካካሪ ሊቀደም ይችላል።

እኩልነቱ ግን ፍጹም ነበር ማለት አይቻልም። መኪናው አንድ ቢሆንም ገንዘብ ያለው ብዙ የልምምድ ቀን ይገዛል፣ አዳዲስ ጎማ ይሞክራል፣ ልምድ ያለው መሐንዲስ ይቀጥራል፤ የተጋጨ መኪናውንም በአንድ ሌሊት ያስጠግናል። ተሳትፎው የሚሸፈነው በቤተሰብና በስፖንሰር ገንዘብ በመሆኑ፣ ዘመኑን ሳይጨርሱ በገንዘብ እጥረት የሚያቋርጡ ተስፋ ያላቸው አሽከርካሪዎች ይታዩ ነበር። ይህ የስፖርቱ እውነተኛ ጉድለት ነው፣ በደንብ ብቻም አይፈታም።

ያም ሆኖ ውድድሩ ያፈራቸው ሰዎች ለዋጋው ይመሰክራሉ። የ2010 ሻምፒዮን ዴቭ ኒውሻምና የ2012 ሻምፒዮን ጃክ ጎፍ ሁለቱም ወደ ዋናው ሻምፒዮና አድገዋል። ማይክ ቡሼል በ2014 ካሸነፈ በኋላ ወደዚያው አልፎ፣ ተመልሶም በ2017 ዋንጫውን ደግሟል። አሽሊ ሰተን በ2015 በክሊዮ ከተወዳደረ በኋላ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ላይኛው ደረጃ ተሻገረ፤ ከዚያም በ2017፣ በ2020፣ በ2021 እና በ2023 የብሪታንያ የቱሪንግ መኪና ሻምፒዮን ሆነ። ሁሉም ግን ዋንጫውን እንደ መሸጋገሪያ አላዩትም። ፖል ሪቬት በ2011 እና በ2018 ያሸነፈ፣ በዕድሜ ከእርሱ በብዙ የሚያንሱ ወጣቶችን ለዓመታት የፈተነ ነባር ተወዳዳሪ ነበር። ወጣቶቹ ፈጥነው ለማለፍ በሚመጡበት ሜዳ እንዲህ ያለ ሰው መኖሩ የዘመኑን ጥራት ከፍ አድርጎታል፤ እርሱን ያሸነፈ ወጣት ምን እንዳሸነፈ ሁሉም ያውቅ ነበርና።

የመጨረሻው የ2019 ዘመን በሰሜን አየርላንዳዊው ወጣት ጃክ ያንግ ሻምፒዮንነት ተጠናቀቀ። ከ2020 ጀምሮ በዋናው ሻምፒዮና መርሐ ግብር ውስጥ ቦታውን የወሰደው ሚኒ በተባሉት መኪኖች የሚካሄደው ውድድር ሲሆን፣ የመጀመሪያ ዘመኑ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ዘግይቶ ተጀመረ። ሬኖ በበኩሉ ባለ 1.3 ሊትር ቱርቦ ሞተር ያለውን አምስተኛውን ትውልድ ክሊዮ አዘጋጅቶ፣ ከ2021 ጀምሮ ዋናውን ውድድር በአውሮፓ ደረጃ አደራጀው።