አውቶኮሬክት ምንድን ነው? ዳኛ ግን አይደለም

ሰሞኑን አንዱ «ሥራ» ብሎ የጻፈን ሰው ሲያርም አየሁ። ማስረጃው ምን መሰላችሁ? «ኮምፒውተሩ ቀይ አሰመረበት።» በቃ፣ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ወንድሜ፣ ቀዩ መስመር «ተሳስተሃል» አይልም። «ይህ ቃል ዝርዝሬ ውስጥ የለም» ነው የሚለው። ዝርዝሩ ውስጥ የገባው በእሳቱ ሰ «ስራ» ብቻ ከሆነ፣ በንጉሡ ሠ የተጻፈው ባዳ ይሆናል። ከግዕዙ ከተነሣን ግን ባለቤቱ እሱ ነው!

አውቶኮሬክት ደግሞ ከማስመር አልፎ ቃሉን ራሱ ይቀይረዋል። እሱም ቢሆን ግምት ነው። ከሜክሲኮ ሳር ቤት የሚሄድ ታክሲ አስቡ። ሙዚቃው ጮኋል። ከኋላ አንዱ «…ጋሪያ ጋ ወራጅ» ይላል። ወያላው ግማሹን አልሰማም፤ ቢሆንም «ቡልጋሪያ ወራጅ!» ብሎ ሾፌሩን ያስቆማል። ሁለት ነገር መዝኗል፦ የሰማው ድምፅ ለየትኛው ስም እንደሚቀርብና በዚህ መስመር ሰው የት የት እንደሚወርድ። አራሚውም የነካኸው ቁልፍ ለየትኛው ቃል እንደሚቀርብ፣ ከፊቱ ካለው ቃል ቀጥሎ ምን እንደሚዘወተር ያሰላል። ወያላው የማያውቃትን አዲስ ምግብ ቤት ብትጠራለት የሚያወርድህ ያው ቡልጋሪያ ነው። የአክስትህ ስም በስልክህ ላይ ሌላ ቃል የሚሆነውም ለዚህ ነው። ልዩነቱ፣ ወያላው ላይ መጮህ ትችላለህ።

«ታዲያ በእንግሊዝኛ እንዴት አሪፍ ሠራ?» ይለኛል ደግሞ ያ ሰውዬ። ፍሬድሪክ ዳመራው የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1964 የእንግሊዝኛ ስህተቶችን ሲያጠና ከ80 በመቶ በላዩ አንዲት ግድፈት ብቻ ሆኖ አገኘው፦ ፊደል መዝለል፣ መጨመር፣ መለወጥ ወይም ሁለት ጎረቤት ፊደላትን ማቀያየር። ብዙ አራሚዎች ዛሬም ትክክለኛውን ቃል መፈለግ የሚጀምሩት ከነዚሁ ግድፈቶች ነው። በአማርኛ ግን «በላ»ን በአንድ ፊደል ብትስት «በሉ» ወይም «ብላ» ይወጣል። ሁሉም ደህና ቃል ነው፤ ቀይ መስመር አይመጣም። ደግሞ ለኮምፒውተሩ ላ እና ሉ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ዘመድ መሆናቸውን የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል።

«ስላልነገርናቸው» ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ምክንያቱ፣ አሉታው፣ ነጋሪው፣ ያልተነገራቸው ሰዎች፣ ሁሉም አንድ ቃል ውስጥ ታጭቀዋል። እንዲህ ያለውን እየበታተነ የማያይ አራሚ ከዝርዝሩ ሊያገኘው አይችልም። አሁን እንኳን ስጽፈው ቀይ ተሰምሮበታል። አልነካሁትም።