በመጽሐፈ ምሳሌ «ትጋት» ምንድን ነው?

መጽሐፈ ምሳሌ በ31 ምዕራፎቹ ስለ ሥራና ስለ ሀብት ደጋግሞ ይናገራል። በብዛት የሚጠቀሰው የታካች እጅ እንደምታደኸይ፣ የትጉ እጅ ግን ባለጠጋ እንደምታደርግ የሚናገረው ምዕራፍ 10 ቁጥር 4 ነው። ጥቅሱ ለብቻው ሲነበብ ትጋት ብዙ መድከም፣ ብልጽግናም የድካሙ የማይቀር ደመወዝ ይመስላል። መጽሐፉ በሙሉ ሲነበብ ግን ሐሳቡ ከዚህ የጠለቀ ሆኖ ይገኛል።

ትጋት በዚህ መጽሐፍ ከሁሉ አስቀድሞ የሚለካው በጊዜ ነው። አባባሎቹ የዝናብ እርሻ መተዳደሪያው ከነበረው ከጥንቱ የእስራኤል ሕዝብ የወጡ ሲሆኑ፣ በዚያ ምድር ረጅሙ ደረቅ ወቅት አልፎ በጥቅምትና በኅዳር ገደማ ዝናብ ሲጥል መሬቱ ታርሶ ይዘራል፤ ገብስ በሚያዝያ ገደማ ይታጨዳል፣ ስንዴም ይከተላል። በጥንቱ የእስራኤል ምድር በነበረችው በጌዜር ከተማ የተገኘውና ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደተጻፈ የሚገመተው ትንሽ የኖራ ድንጋይ ጽላትም ወራቱን የሚዘረዝረው በየሥራቸው ነው፦ የመዝራት፣ የገብስ አጨዳ፣ የወይን ግረዛ ወራት እያለ። እንዲህ ባለው አኗኗር ውስጥ የዘር ጊዜ ያለፈበት ሰው በመከር ወቅት የቱንም ያህል ቢሯሯጥ የሚያጭደው የለውም፤ ምዕራፍ 20 ቁጥር 4 ታካችን ብርዱን ፈርቶ ሳያርስ የቀረ፣ በመከር ጊዜ ፈልጎ የሚያጣ ሰው አድርጎ የሚገልጸው ለዚህ ነው።

ስለ ገብረ ጉንዳን የሚናገረው ምዕራፍ 6ም ብዙ ጊዜ እንደሚሰበከው ስለ ጉንዳኗ ጉልበት የተጻፈ አይደለም። ጸሐፊው የሚያደንቀው አለቃና አዛዥ ሳይኖራት መብሏን በወቅቱ ማሰናዳቷን ነው።

ስንፍናም ቢሆን በዝግታ የሚሠራ ነገር ነው። በምዕራፍ 24 መጨረሻ ላይ ተናጋሪው በታካች ሰው እርሻ አጠገብ ሲያልፍ እሾህ ሞልቶበት፣ ሳማ ሸፍኖት፣ የድንጋይ ቅጥሩም ፈርሶ ያገኘዋል፤ ቆሞ ሲያስብም ምክንያቱ ጥቂት መተኛት፣ ጥቂት ማንቀላፋት፣ ጥቂት እጅን አጣጥፎ መጋደም እንደሆነ ይረዳል። ቅጥሩን በአንድ ሌሊት ያፈረሰ ጠላት አልተጠቀሰም።

ታዲያ የተጋ ሁሉ ይበለጽጋል ማለት ነው? ምሳሌ ብዙውን ጊዜ የሚሆነውን ያስተውላል እንጂ ውል አይፈርምም። በምዕራፍ 26 ሁለት ተከታታይ ቁጥሮች፣ አንዱ ለሰነፍ (እዚህ ላይ ለሞኝ ማለት ነው) አትመልስለት ሲል ሌላው መልስለት ይላል፤ የትኛው ለየትኛው ሁኔታ እንደሚስማማ መለየት የአንባቢው ፋንታ ነው። ስለ ሀብትም እንዲሁ፣ የትጉን እጅ የሚያመሰግነው ይኸው መጽሐፍ በምዕራፍ 23 ባለጠጋ ለመሆን አትድከም ይላል፤ በምዕራፍ 10 ቁጥር 22 ደግሞ ባለጠጋ የምታደርገው የእግዚአብሔር በረከት እንደሆነች ያስታውቃል።

በእኔ አመለካከት ከሁሉ ይበልጥ የተዘነጋው ምዕራፍ 13 ቁጥር 23 ነው። በዚያ የድሃ እርሻ ብዙ ምግብ ያፈራል፣ ነገር ግን ፍትሕ ከመጓደሉ የተነሣ ይጠፋበታል። ይህ ድሃ አርሷል፣ በጊዜው ዘርቷል፣ ምርቱም ከእጁ የወጣው በሌላ ሰው በደል ነው። ድሃን ሁሉ ታካች የሚያሰኝ ትርጓሜ ይህን ጥቅስ ማለፍ አይችልም። መጽሐፉ ለትጉው ትጋትን ብቻ መክሮ ያልተወውም ስለዚህ ነው፤ አባይ ሚዛንን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ይለዋል፣ የጥንቱን የድንበር ምልክት ማፍለስንና ወደ ድሃ አደጎች እርሻ መግባትንም ይከለክላል።