የአሮጌ ግራፊክስ ካርድ የቴሌቪዥን መውጫ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ የተሠሩ ብዙ የኮምፒውተር ግራፊክስ ካርዶች (ምስሉን ወደ ስክሪን የሚያወጡት ቦርዶች) ከሞኒተሩ ሶኬት ጎን ለቴሌቪዥን የሚያገለግል ክብ የኤስ-ቪዲዮ ሶኬት ወይም ብርሃኑንና ቀለሙን በአንድ ሽቦ የሚልክ ቢጫ የኮምፖዚት ጃክ አላቸው። እነዚህን ካርዶች ዛሬም ከአሮጌ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝተው የሚጠቀሙ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ምስሉ እንደታሰበው ሳይመጣ ሲቀር ግን፣ ገመዱ ሳይፈተሽና የቴሌቪዥኑ ምርጫ ሳይታይ «ቺፑ ተቃጥሏል» የሚል ፍርድ ይሰጥና ደህናው ካርድ ይጣላል። በጥገና ሥራዬ ይህን ፍርድ መስማት ስለሰለቸኝ ከእርሱ እጀምራለሁ።

«ምስሉ ነጭና ጥቁር ከሆነ የካርዱ ቺፕ ተቃጥሏል»

አብዛኛውን ጊዜ አልተቃጠለም። እንዲያውም ነጭና ጥቁሩ ምስል ሳይንቀጠቀጥ ከቆመ፣ የካርዱ ዋና ክፍል እየሠራ ለመሆኑ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ኤስ-ቪዲዮ ምስሉን ለሁለት ከፍሎ ይልካል፤ የምስሉ ብርሃንና ጥላ ከማመሳሰያ ምልክቶቹ ጋር በአንድ ሽቦ፣ ቀለሙ ደግሞ በሌላ ሽቦ ይጓዛል። አራት ፒን ባለው ሶኬት ላይ 3ኛው ፒን የብርሃኑ፣ 4ኛው የቀለሙ ሲሆን 1ኛውና 2ኛው የየራሳቸው ግራውንድ (መመለሻ መስመር) ናቸው። ስለዚህ 4ኛው ፒን ቢታጠፍ ወይም ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ቢበጠስ፣ ቴሌቪዥኑ ጥርት ያለ፣ ነገር ግን ቀለም አልባ ምስል ያሳያል።

አንድ ደንበኛ «ኢንኮደሩ (ምስሉን ወደ ቴሌቪዥን ምልክት የሚቀይረው ክፍል) ሞቷል» ተብሎ የተነገረውን ካርድ ይዞልኝ መጣ። በራሴ ገመድ ሳገናኘው ቀለሙ ሙሉ ሆኖ ታየ። ከኤስ-ቪዲዮ ወደ ቢጫ ጃክ የሚቀይረውን የእርሱን ማገናኛ በስለት ሰንጥቄ ስመለከተው፣ ከ3ኛው ፒን ወደ ጃኩ መሃል የሚሄድ አንድ ቀጭን ሽቦና አንድ የግራውንድ ሽቦ ብቻ ነበረው፤ 4ኛው ፒን ምንም አልተበየደበትም። በአግባቡ የተሠራ ማገናኛ የቀለሙን መስመር 470 ፒኮፋራድ አካባቢ በሆነ ትንሽ ካፓሲተር በኩል ከብርሃኑ መስመር ጋር ያዋህዳል። የቀለሙን መስመር ጭራሽ የተወ ማገናኛ የኤስ-ቪዲዮን ቀለም ሊያሳልፍ አይችልም፤ ሰውየው ግን ካርዱን ለመጣል ተዘጋጅቶ ነበር።

በስካርት ሶኬት (ባለ 21 ፒን ሰፊ የቴሌቪዥን ሶኬት) የሚገናኙም ተመሳሳይ ወጥመድ ይጠብቃቸዋል። በስካርት ላይ ብርሃኑ የሚገባው በ20ኛው ፒን፣ ቀለሙ ደግሞ በ15ኛው ፒን ነው፤ ነገር ግን ሁሉም የስካርት ሶኬት ኤስ-ቪዲዮን አይቀበልም። በማይቀበለው ሶኬት ላይ፣ ወይም ቴሌቪዥኑ በምርጫ ዝርዝሩ ወደ ኤስ-ቪዲዮ ሳይዞር ሲቀር፣ ውጤቱ ያው ነጭና ጥቁር ምስል ነው።

ሌላው ምክንያት ካርዱና ቴሌቪዥኑ የሚከተሉት የስርጭት ደረጃ (ኤንቲኤስሲ ወይም ፓል) አለመጣጣም ነው። ኤንቲኤስሲ 525 መስመሮች፣ በሰከንድ 60 ገደማ መስኮች (ግማሽ ምስሎች) እና 3.58 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሆነ የቀለም ሞገድ አለው፤ ፓል ደግሞ 625 መስመሮች፣ 50 መስኮችና 4.43 ሜጋኸርዝ ገደማ የሆነ የቀለም ሞገድ ይጠቀማል። የሁለቱ የአግድም ፍጥነት፣ 15,734 እና 15,625 ኸርዝ፣ በጣም ስለሚቀራረብ የፓል ቴሌቪዥን የኤንቲኤስሲን ምስል መያዝ ይችል ይሆናል፤ ቀለሙን ግን አይፈታውም። በ60 መስክ መሥራት የማይችል ከሆነ ደግሞ ምስሉ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይንከባለላል። መፍትሔው በድራይቨሩ (ካርዱን በሚያዘው ፕሮግራም) ውስጥ የአገር ወይም የደረጃ ምርጫውን ማስተካከል ነው፤ በአንዳንድ ካርዶች ላይ ምርጫው በራሱ በካርዱ ላይ ባለ ጃምፐር (ሁለት ፒን በሚያገናኝ ትንሽ መሰኪያ) ይደረጋል።

በኮምፖዚት መግቢያ ሲገናኝ የገመዱን ችግር ከምርጫው ችግር ለመለየት ወደ ስክሪኑ ቀርቦ ደማቅ ቀለም ሊኖረው የሚገባውን ቦታ ማየት ይበቃል። ቦታው ንጹሕ ግራጫ ከሆነ የቀለሙ ምልክት ጭራሽ አልደረሰም፤ ስለዚህ ገመዱና ማገናኛው ይፈተሹ። በግራጫው ላይ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ከታዩ ግን ምልክቱ ደርሷል፣ ቴሌቪዥኑ ነው ያልፈታው፤ ስለዚህ የደረጃውና የመግቢያው ምርጫ ይታይ። በኤስ-ቪዲዮ ግን ቀለሙ በተለየ ሽቦ ስለሚጓዝ ይህ መለያ አይሠራም።

«ቴሌቪዥኑ ምንም ካላሳየ ዊንዶውስን እንደገና መጫን ያስፈልጋል»

ይህ ምክር የብዙ ሰዎችን ቀን አባክኗል። ብዙዎቹ ካርዶች ቴሌቪዥን መኖሩን የሚያውቁት በመውጫው መስመር ላይ 75 ኦም ጭነት መኖሩን በመለካት ሲሆን፣ አብዛኞቹ ይህን የሚያደርጉት ኮምፒውተሩ ሲነሣ ነው። ስለዚህ ሁለቱም መሣሪያዎች ጠፍተው ሳለ ገመዱ ይገናኝ፣ በመጀመሪያ ቴሌቪዥኑ፣ ከዚያም ኮምፒውተሩ ይብራ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚወጣው የባዮስ ጽሑፍ በቴሌቪዥኑ ላይ ከታየና ዊንዶውስ ሲገባ ከጠፋ፣ የካርዱ ሃርድዌር ደህና ነው፤ ችግሩ የድራይቨሩ ምርጫ ነው። የመግቢያቸው አሠራር ይህን ልኬት የሚያሳስት ቴሌቪዥኖች ስላሉ፣ በአንዳንድ የኤንቪዲያ ድራይቨሮች ውስጥ ቴሌቪዥን እንዳለ ቆጥሮ እንዲሠራ የሚያስገድድ ምርጫ ተቀምጧል። ይህን ሳይሞክሩ ሲስተሙን አጥፍቶ መጫን ከንቱ ድካም ነው።

ዴስክቶፑ በቴሌቪዥኑ ላይ እየታየ የፊልሙ መስኮት ብቻ ጥቁር ሲሆንም ብልሽት አይደለም። በዚያ ዘመን ቪዲዮ የሚታየው ኦቨርሌይ በሚባል መንገድ ነበር፤ ብዙ ካርዶችም ይህን በአንድ ስክሪን ላይ ብቻ ማሳየት ይችላሉ። ቴሌቪዥኑን ዋና ስክሪን ማድረግ ያስተካክለዋል።

«ከቪጂኤ ወደ ቢጫ ጃክ የሚቀይር ተራ ገመድ ይበቃል»

አይበቃም። ከሞኒተሩ ሶኬት የሚወጣው የቪጂኤ መደበኛ ምስል በሰከንድ 31,500 ገደማ መስመሮችን ሲያወጣ፣ ተራው ቴሌቪዥን የሚቀበለው የዚህን ግማሽ ነው፤ በዚያ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ተለያይተው የሚወጡትን ምልክቶች ወደ አንድ የቴሌቪዥን ምልክት የሚያቀናብር ሰርኪዩት ያስፈልጋል። ሽቦ ብቻ የያዘ ገመድ ይህን አያደርግም። ውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ያለበትና ኃይል የሚወስድ መቀየሪያ ብቻ ነው የሚሠራው።

«ከሶኬቱ ጋር የገጠመ ገመድ ሁሉ ትክክለኛ ነው»

ክቡ ሶኬት በአንዳንድ ካርዶች ላይ 7፣ ቪዲዮ በሚያስገቡት ላይ ደግሞ 9 ፒን አለው፤ የተጨማሪዎቹ ፒኖች አደራደርም ከአምራች አምራች ይለያያል። የአንዱ ካርድ ማገናኛ በሌላው ላይ ስላልሠራ ካርዱ ተበላሽቷል ማለት አይቻልም። የኪቦርድ ስፒናን በግድ የሚሰኩ ሰዎችም አጋጥመውኛል፤ እባካችሁ ተዉት፣ ፒኖቹ የሚታጠፉት እንዲህ ነው።

ባጭሩ የሚታለፉት

ኤስ-ቪዲዮ ድምፅ አይወስድም፤ ለድምፅ ከሳውንድ ካርዱ የተለየ ገመድ ይዘረጋል። በምስሉ ዙሪያ የሚታየው ጥቁር ጠርዝ የመጠን ማስተካከያ ጉዳይ ነው። የ1024 በ768 ጽሑፍ በቴሌቪዥን ላይ አለመነበቡ የቴሌቪዥኑ የአቅም ገደብ ነው፤ 800 በ600 ወይም 640 በ480 ይምረጡ፣ የድራይቨሩን የብልጭታ ማጣሪያም ያብሩ። ቀስ እያለ የሚንቀሳቀስ ወፍራም ጥላ ከታየ፣ ካፓሲተር ከመቀየር በፊት የአንቴናውን ገመድ ከቴሌቪዥኑ ይንቀሉ፤ ጥላው ከጠፋ ምክንያቱ የግራውንድ ዑደት (መሣሪያዎቹ በሁለት መንገድ ከግራውንድ ሲገናኙ የሚዞር ጅረት) ነው። ካርድን በምድጃ መጋገር ደግሞ ጥገና አይደለም፤ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮቹን ይጎዳል፣ የቀረውንም ተስፋ ያጠፋል።

ጥፋቱ በእርግጥ የካርዱ ሲሆን

በታወቀ ደህና ገመድና በትክክለኛ ምርጫ አሁንም ቀለም ከሌለ፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶና ገመዱ ተነቅሎ፣ ከ3ኛው ፒን ወደ 1ኛው፣ ከ4ኛው ወደ 2ኛው በቴስተር ኦሙን ይለኩ። ሁለቱ መስመሮች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት አሠራር ስላላቸው ልኬታቸው ሊቀራረብ ይገባል፤ በብዙ ካርዶች ላይ 75 ኦም አካባቢ ነው። አንደኛው በጣም ከራቀ ከሶኬቱ ኋላ ያሉትን ጥቃቅን ሬዚስተሮች፣ ኮይሎችና ካፓሲተሮች በአጉሊ መነጽር ይመርምሩ፤ ገመድ በኃይል ሲጎተት ብየዳቸው የሚለቀው እነዚህ ናቸው። ልኬቶቹ እኩል ሆነው ቀለሙ ካልመጣ ኢንኮደሩ ለብቻው በተቀመጠባቸው ካርዶች ላይ ክሪስታሉን ይጠርጥሩ፤ የቀለሙ ሞገድ የሚመነጨው ከእርሱ ድግግሞሽ ስለሆነ፣ ክሪስታሉ ትንሽ ሲዛነፍ ብርሃኑ እንዳለ ሆኖ ቀለሙ ይጠፋል። ክሮንቴል በሚባለው ኩባንያ ኢንኮደሮች ላይ የተለመደው 14.31818 ሜጋኸርዝ ነው፤ ቺፑን ከመንቀል በፊት እርሱን መቀየር በጣም የቀለለ ሥራ ነው። እንደ ጂፎርስ 4 ኤምኤክስ ባሉት፣ ኢንኮደሩ በዋናው ቺፕ ውስጥ በተካተተባቸው ካርዶች ላይ ግን ተነጥሎ የሚቀየር ኢንኮደር የለም።