የመድኃኒት ግኝት ምንድን ነው? ባዮሎጂስቱስ እዚያ ምን ይሠራል?

ባዮሎጂ ተምሬያለሁ ያለ ሰው ወዲያው የሚጠየቀው «የት ታስተምራለህ?» ተብሎ ነው። ጠመኔን ማናናቄ አይደለም። ግን ሌላም በር አለ፤ የመድኃኒት ግኝት የሚባል፣ አዲስ መድኃኒት የመፈለግ ሥራ።

ስሙ ትንሽ ያሳስታል። ግኝት ሲባል መንገድ ላይ ወድቆ የተነሳ ነገር ይመስላል። ሥራው ግን ይበልጥ የሚመስለው ዱቄት መንፋትን ነው። ሺህ ነገር ወንፊቱ ላይ ይደፋል፣ አንድ ይተርፋል። ብዙ ጊዜ አንድም አይተርፍም። ንጥረ ነገሩን አሻሽሎ የሚሠራው ኬሚስቱ ነው። ወንፊቱን የሚሠራው ባዮሎጂስቱ ነው። ወንፊት ስል በሽታውን በትንሹ አስመስሎ፣ የቱ እንደሚሠራና የቱ እንደማይሠራ የሚለይ ሙከራ ማለቴ ነው።

ዊልያም ካምቤልን እንውሰድ። በ1930 አየርላንድ ውስጥ ተወለዱ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ስለ እንስሳት ተማሩ። ከዚያ አሜሪካ ተሻግረው በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ አንድ የጉበት ትል ላይ ሲመራመሩ ቆዩና በ1957 ዶክትሬታቸውን ያዙ። በዚያው ዓመት መርክ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ገቡ። ትል ያው ትል ነው፤ ጥያቄው ግን ተቀየረ። ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ጥያቄው «ይህ ትል እንዴት ይኖራል?» ነበር። ኩባንያው ውስጥ «በምን ይሞታል? ከብቱ ሳይሞት?» ሆነ።

በ1970ዎቹ ጃፓናዊው ተመራማሪ ሳቶሺ ኦሙራ ከአፈር የለዩአቸውን ባክቴሪያዎች ወደ መርክ ላኩ። አንዱ የተገኘው ጎልፍ ሜዳ አጠገብ ከተዛቀ አፈር ነው። የካምቤል ቡድን ወንፊት ምን ነበር መሰላችሁ? አይጥ። አንጀቷ ውስጥ ትል ያለባት አይጥ ባክቴሪያው ያደገበትን፣ ያመነጨው ንጥረ ነገር ያለበትን ፈሳሽ ከምግቧ ጋር ትበላለች። ከቀናት በኋላ ትሉ ይቆጠራል። በቃ።

ቀላል ይመስላል፤ ብልሃቱ ግን እዚያ ላይ ነው። ትሉን ብቻ ሳህን ላይ አስቀምጦ መግደል ይቻላል፤ በረኪናም ይገድለዋል። አይጧ ውስጥ ሲሆን ግን ሦስት ጥያቄ ባንዴ ይመለሳል፦ መድኃኒቱ ተውጦ ትሉ ጋ ይደርሳል? ይገድለዋል? አይጧስ ትተርፋለች? የኦሙራ ናሙና ይህን ወንፊት በ1975 አለፈ። ኬሚስቶቹ አሻሻሉትና ኢቨርሜክቲን ሆነ። በ1981 ለእንስሳት ገበያ ላይ ዋለ።

የእኔ ልብ የቀረው ግን ቀጥሎ ባለው ነገር ነው። መድኃኒቱ የፈረስ ቆዳ ውስጥ የሚኖሩ የአንድ ትል እጮችን እንደሚያጠፋ ታየ። ያ ትል የሰውን ዓይን ከሚያጠፋው፣ በጥቁር ዝንብ ከሚተላለፈው የኦንኮሰርሲያሲስ ትል ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ካምቤል በ1978 «ለሰውም እንሞክረው» ብለው ለአለቆቻቸው ሐሳብ አቀረቡ። የትሎችን የዘር ሐረግ የሚያውቅ ሰው ካልሆነ ከፈረስ ወደ ሰው ይህን ድልድይ ማን ያያል? የዩኒቨርሲቲው ትምህርት ገበያ ላይ የዋለው እዚህ ነው።

ለሰው የመጀመሪያው ሙከራ በ1981 ሴኔጋል ውስጥ ተደረገ። በ1987 መድኃኒቱ ጸደቀ፤ መርክም ለዚህ በሽታ በነጻ ለመስጠት ቃል ገባ። በጊዜው የኩባንያው አለቃ የነበሩት ሮይ ቫጌሎስም ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪ ነበሩ። ከፋና ሸካ አካባቢ ያደጋችሁ ክኒኑን ሳታውቁት አትቀሩም። ሜክቲዛን ይባላል፤ መጠኑ የሚወሰነው ቁመት በእንጨት እየተለካ ነው። በአገራችን በሽታው ከዓይን ይልቅ ቆዳ ላይ ይበረታል፤ እከኩ እንቅልፍ ይነሳል።

ከዩኒቨርሲቲ ወደዚህ ሥራ ለሚሻገር ሰው የሚከብደው ላቡ አይደለም። መተው ነው። ሰው ላይ ሙከራ ከጀመሩት መድኃኒቶች እንኳ ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ ይወድቃሉ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ የሚያጓጓ ጥያቄ ዕድሜ ልክ ሊያኖር ይችላል። ኩባንያ ውስጥ ግን ስብሰባ ተቀምጦ «ይዘጋ» ይባላል፤ ነገ ሌላ ወንፊት ትሠራለህ።

ካምቤል በ1990 ከመርክ ጡረታ ወጡና ኒው ጀርሲ የሚገኘው ድሩ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ማስተማር ያዙ። በ2015 ከኦሙራና ከቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። ትርፍ ጊዜያቸውን ደግሞ ሥዕል ይሥላሉ። የሚሥሉት ምን መሰላችሁ? ትል።