በክር የሚሠራ አብስትራክት ጥበብ፣ ከጎንደር ሲታይ

በክርና በጥልፍ የሚሠራ አብስትራክት ጥበብ ሰው፣ እንስሳ ወይም ቤት ለማሳየት አይጨነቅም። ጉዳዩ መስመር፣ ቀለም፣ የክሩ ውፍረትና የስፌቱ ጥብቀት ነው። ነገሩ ለጎንደር አዲስ አይደለም። ሸማኔውም ጠላፊዋም ድሮ ይሠሩት ነበር፤ ግን ጥለቱ ከነጠላው ጠርዝ፣ ጥልፉም ከቀሚሱ አንገትና ደረት ብዙም አይርቅም። የዛሬው ሠዓሊ ያንን ጠርዝ ወስዶ ግድግዳ ሙሉ ያደርገዋል።

ግን ጎንደር ግድግዳ የሚሸፍን የክር ሥራም ነበራት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩት የቤተ ክርስቲያን የሐር መጋረጃዎች ቁመታቸው 5 ሜትር ገደማ ነው። አንዱ ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ነው፤ ሌላው ቶሮንቶ፣ ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ይገኛል። ሐሩ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። አሠራራቸው ግን ከተለመደው የሽመና ዕቃ ይለያል። ድሩ ጥግ ጥጋቸው በተበሳ ትናንሽ ካርዶች ውስጥ ያልፋል፤ ካርዶቹ በተዞሩ ቁጥር ክሩ እየተገመደ ንድፍ ያወጣል። በዚህ ዘዴ ክብ መሥራት ፈተና ነው። ስለዚህ መጋረጃው ላይ ያሉት ነገሥታትና መኳንንት እንኳ ከመስመርና ከማዕዘን የተገጣጠሙ ይመስላሉ። እኔን ከምስሎቹ ይልቅ በዙሪያቸው ያለው ንድፍ ይስበኛል።

ጥልፉን ለማየት ደግሞ የአጼ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ነው የሚባለው ቀሚስ አለ። ጥጥ ላይ በሐር የተጠለፈ ነው። ከ1860 ዓ.ም. የመቅደላ ዘረፋ በኋላ እንግሊዝ ገብቶ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ተቀመጠ። የጎንደር ሰው እነዚህን ለማየት ቪዛ ያስፈልገዋል!

በከተማዋ ሽመና የአንድ ወገን ሙያ አልነበረም። ሙስሊሞችም ቤተ እስራኤላውያንም ይሸምኑ ነበር። ከከተማዋ ወጣ ብላ የምትገኘው ወለቃ እስከ ዛሬ በእጅ ሥራ ትታወቃለች።

በአሁኑ ዘመን በዚህ መንገድ ስሙ የገነነው ኢትዮጵያዊ የአዲስ አበባው ኤልያስ ስሜ ነው። ሸራ ላይ ክር በመስፋት ብዙ ሠርቷል። በኋላ ከተጣሉ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች የወጣ ባለ ቀለም ሽቦ እየጎነጎነ ትላልቅ ሰሌዳዎች አወጣ። ከርቀት ሲታዩ ከአውሮፕላን የታየ ማሳ ይመስላሉ።

ገበያው ላይ አሁን የኮምፒውተር ጥልፍ በዝቷል። ፈጣንና ርካሽ ነው፤ ግን አንድ ንድፍ መቶ ጊዜ ይደግማል። የእጅ ሥራ የሚፈልግ ጨርቁን ገልብጦ ይይ። በእጅ ከተጠለፈ ጀርባው ላይ ቋጠሮና ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው የዘለለ ክር አይጠፋም።